የጫማ ተራ

ከጉለሌ ሽቅብ፣ እንጦጦ ግርጌ፣ ድንጋይ ተፈልጦበት የተተወ ገደል ነበር። እሁድ እሁድ የሰፈር ጎረምሶች በባዶ እግራችን እንወጣዋለን። የሚያስወጣው ስንጥቅ አንድ ብቻ ስለሆነ በተራ ነው። ቀበሌ ሱቅ ስኳር ለመግዛት የሚሰለፍ ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ ይይዛል፤ እዚያ ግን ሁሉም ድንጋይ ስለሆነ እኛ ጫማችንን እንደረድር ነበር። የሰው ጫማ አይነካም። አንዱ ጫፍ ሳይደርስ ሌላው አይጀምርም።

አንድ እሁድ የጎረቤቴ ልጅ ጫማ ከእኔ ፊት ነበር። ሽንቱን ሊሸና ዞር ሲል የሱን ወደ ኋላ፣ የኔን ወደ ፊት አደረግሁት። እኔ ብሎ ብልጥ!

ተመልሶ ሲያይ ተናደደ። «ነውር አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«ባክህ ተወኝ፣ ገደሉ የት ይሄድብሃል!» ብዬው መውጣት ጀመርኩ።

ግማሽ ላይ ስደርስ ከታች የካሚዮን ድምፅ ሰማሁ። አፈሳ ነበር። ታጣቂዎች ገደሉን ከበው፣ እግሩ ሥር የቆሙትን ሁሉ ለጦር ግንባር ጫኗቸው። ቀና ብሎ ያየ ታጣቂ አልነበረም። የጎረቤቴ ልጅ ግን ቀና ብሎ አየኝ፤ ወዲያው አንገቱን ደፋ። አልጠቆመብኝም።

ስወርድ ጫማዎቹ እንደተሰለፉ ናቸው። የሱን አንስቼ ለእናቱ ወሰድኩላቸው።

«በባዶ እግሩ ነው የወሰዱት?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

ተራው የማን እንደነበር አልጠየቁኝም።