ያላወቅኋቸውን ፋይሎች ሳጠፋ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ቤቴ የመጣ ሰው ወሬ ሳልመግበው አልሸኝም፤ ይህችን አንዲቱን ግን ስውጣት ኖርሁ። እንግዲህ እናንተው ስሙኝ።

ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ አንዲት ኮምፒውተር አስቀምጬ ጽሑፍ እተይብ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድሁት። በዚያም እኮራ ነበር። ኩራቴን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ከእሱ ነው የመጣው።

የቅኔ መምህሩ የኔታ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ክረምቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየመጡ የዕድሜያቸውን ቅኔ በቃል ነገሩኝ፣ እኔም ተየብሁ። የመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩን በዱላቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣

«አንቺ፣ ይኼ ሳጥንሽ ግእዝ ይሰማል?» አሉኝ።

«ከእኔ ይሻላል፣ የኔታ።»

«እሱስ፣ ከአንቺ የማይሻል የለም» ብለው ሳቁብኝ።

ሳቃቸው ግን ፍርሃት ነበረበት። በቅኔ ቤት ልማድ ቅኔ ለዕለቱ ተዘርፎ ያልፋል፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። መምህራቸው «ቅኔህን እንደ እህል አታከማች» ብለዋቸው ነበርና፣ ማስጻፋቸው ትዕቢት እንዳይሆንባቸው ይሰጉ ነበር። ቢሆንም ለተማሪዎቻቸው እንዲተርፍ ጨከኑ። ሁሉም ሲያልቅ በአንድነት ላትምላቸው ተስማማን።

ኮምፒውተሩ ሞልቶ መንቀርፈፍ ጀመረ። እኔ ምን አደረግሁ? ዊንዶውስ ያለበትን ክፍል ከፍቼ፣ ስማቸውን የማላውቃቸውን፣ መጨረሻቸው «ዲኤልኤል» የሚል ፋይሎች አጠፋሁ። እኔ ያልጻፍኋቸው ስለሆኑ ትርፍ መሰሉኝ። ለካ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚቆሙት በእነሱ ነው። በማግስቱ ኮምፒውተሩ አልከፈት አለ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ ፋይል ጠፍቷል የሚል ጽሑፍ ብቻ።

የጠፋውን ከሌላ ኮምፒውተር ገልብጦ መመለስ ይቻል ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ይህን ያውቃል። ሄጄ መጠየቅ አቃተኝ? አላቃተኝም፤ አፈርሁ። «ራሷን አስተማረች!» ብሎ እንዳይስቅብኝ። ሲዲ ከትቼ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ልጭን ተነሣሁ። መሃል ላይ በእንግሊዝኛ፣ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ይቀጥል ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። እንግሊዝኛው አልገባት ይሆናል ብላችሁ ምክንያት አትፈልጉልኝ፤ ገብቶኛል። የየኔታ ቅኔ እዚያው እንዳለም አልረሳሁም። ደንበኛ በር ላይ ቆሟል፣ እኔም ምናልባት ይተርፋል ብዬ ራሴን አታልዬ፣ እሺ የሚለውን ተጫንሁ። አልተረፈም።

የኔታ ሲመጡ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ» አልኋቸው።  እጄን ፈልገው ያዙና፣

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጄ? መምህሬ ነግረውኝ ነበር። የእኔ ትዕቢት ነው፤ እግዜር ቀማኝ» አሉ።

ያኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ነኝ፣ በእጄ ነው ያጠፋሁት ብል። አላልሁም። ፋይሎቹን ሳጠፋ አላወቅሁም ነበር፤ ይኼን ግን አውቄ አደረግሁት። እግዜር ተቆጣኝ ብለው ሲያምኑ ቆሜ አየሁ። ይባስ ብዬ «አይዞዎት» አልኋቸው።

እንደገና እንዲነግሩኝ ለመንሁ፤ እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ በማኅሌት ቅኔ ይበሉ ሲባሉ ለሌላ ይለቁ ጀመር። ለነፍስ አባታቸውም ትዕቢቴ ነው ብለው ተናዝዘው፣ ስግደት ታዝዘው ኖሮ፣ በዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አየኋቸው። ግድግዳውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ያረጀ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ። ደገፍኋቸው። እኔ መሆኔን ሲያውቁ መረቁኝ። እኔም፣ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው፣ አሜን አልሁ።

ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ አምርሬ ሳለቅስ ሰው ደግነቴን አነሣ፤ እሱንም ዝም ብዬ ተቀበልሁ።

አሁን ይቅር በሉኝ ልል ነበር። ግን እናንተን ምን አደረግኋችሁ? ይቅር የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ፤ ለዚያ ደግሞ ማን እንደበደላቸው ማወቅ ነበረባቸው። ነገ ለነፍስ አባቴ እናገራለሁ፤ ስግደት ያዝዙኛል፤ እሰግዳለሁ። የኔታ የሰገዱት ግን አይመለስላቸውም።