የወፍ የያዛት ዓሣ

መተማ ዮሐንስ ላይ ዓሣ ማለት ከሽንፋ ወንዝ ወጥቶ ዘይት ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። እኔ ግን ጣት የምታህል ዓሣ በመስታወት ሣጥን አስቀምጬ አያታለሁ። ቤቴ የገባ ሁሉ «መቼ ነው የምታድገው?» ይለኛል። አታድግም! ዘሯ ድንክ ሲክሊድ ነው፤ አድጋ የጨረሰችው ይቺው ናት። «ታዲያ ምን ታደርግልሃለች?» ይሉኛል ደግሞ። ኤዲያ! መመለሱ ራሱ ሰለቸኝ።

ከአዲስ አበባ አምስት ሆነው በፌስታል ውሃ፣ ጭኔ ላይ አቅፌ ነው ያመጣኋቸው። ሦስቱ ወንዶች ጅራታቸው ብርቱካንማ፣ ጎናቸው ሰማያዊ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ነው። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ መንገድ ላይ ሞተች። የቀረችው አቧራ የመሰለች ግራጫ ናት፤ ያለችኝም እሷው ብቻ ናት።

ምኞቴ አንድ ነበር፦ መተማ የተወለደ የዓሣ ልጅ ማሳደግ። ሁለቴ ፈለፈለችልኝ፣ ሁለቴም መብራት ጠፍቶ አየር የሚሰጠው ፓምፕ ቆመና አለቁ። የትራክተር መካኒክ ነኝ፤ ሞተር አስነሣለሁ፣ መብራት ግን ምን ላድርገው? ሲጠፋ ሣጥኑን በእርጥብ ጆንያ እጠቀልላለሁ፤ ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ፣ አየር እንዲገባው ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሳለሁ። ሚስቴ ይኼን ስታይ «ለኔ አንድ ጀሪካን ውሃ አምጥተህ ታውቃለህ?» ትለኛለች።

በሦስተኛው ሙከራዬ ላይ ሚስቴም ወለደች። አማቴ ሊያርሷት ከዳባት ወረዱ። በዚያው ሳምንት ግራጫዋ ዓሣ ቢጫ ለበሰች። የዚህ ዘር እናት ዓሣ ልጅ ስትይዝ መልኳ እንዲህ ይለወጣል፤ ቢጫዋን ለብሳ ወንዶቹን እያባረረች ትጠብቃለች። አንድ ጧት ሣጥኑ ውስጥ ካስቀመጥሁት የሸክላ ውሃ ማሰሮ፣ የዚር ስባሪ ሥር የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ ልጆቿን አስከትላ ወጣች። ደስታዬን ለማን ልንገር? ሽንፋ የቆመ ትራክተር ይጠብቀኝ ስለነበር እያፏጨሁ ሄድሁ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሴቷ የለችም። ልጆቿም አንድም አልቀሩም። ወንዶቹ ሆዳቸው ተነፍቶ ይንጎራደዳሉ።

«ዓሣዬ የት ገባች?» አልሁ። ሚስቴ ከአልጋዋ ሆና እናቷን አየቻቸው።

«ለየኋት ልጄ» አሉ አማቴ ረጋ ብለው። «የወፍ ይዟታል እኮ! እንዲያ ቢጫ ሆና አላየህም? አራስ ባለበት ቤት! ጠበል አስገባኋት።»

ወይ ጉድ! በሻይ ማጥለያ አውጥተው፣ ለሚስቴ ከደጋ ባመጡት ጠበል የፕላስቲክ ጆግ ሞልተው መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋታል። ሰባት ቀን ትጠመቅ ብለው ወስነዋል። እሷ ደህና ናት፤ ልጆቿን ግን የሚጠብቅላቸው ጠፍቶ ወንዶቹ በሏቸው።

አሁን ማን ላይ ልጩኽ? አማት ላይ ይጮኻል? ጠበል ላይ ይጮኻል? ግቢ ወጥቼ የቆመ ጎማ በእርግጫ ብመታው እግሬን አመመኝ። እያነከስሁ ተመለስሁና ጥርሴን ነክሼ ተናገርሁ።

«እማማ፣ በሽታ አይደለም። ወልዳ ነው ቢጫ የሆነችው። ልጆቿን እየጠበቀች ነበር። እርስዎ ሲያወጧት ልጆቿ ተበሉ።»

ድምፄ ሳልፈልገው ከፍ አለ። ሚስቴ «ተው እንጂ!» አለችኝ።

አማቴ ጆጉን አንሥተው ዓሣዋን አዩአት።

«የሷ ታላቅ፣ ልጄ» አሉ ወደ ሚስቴ እየጠቆሙ። «ለሰሊጥ አጨዳ ኮኪት ወርዶ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ተመለሰ። መንገድ ደክሞት ነው ብዬ አስተኛሁት። የወፍ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። እንዳወቅሁ ጠበል ልወስደው፣ ሐኪም ላሳየው ስል አመለጠኝ። ቢጫ ሳይ አላስችል አለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ያን ልጅ ከጋብቻዬ በፊት ወባ እንደገደለው ነበር የማውቀው። አፈርሁ። በዓሣ የተነሣ የልጅ እናት ላይ መጮኼ አንገበገበኝ። ዓሣዋን ወደ ሣጥኑ መለስኋት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዓሣዋ እንደገና ቢጫ ለበሰች፤ ፈለፈለችም። አንድ ቀን እኔ ጋራዥ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ደግሞ ሊያልቁብኝ ነው ብዬ እየሮጥሁ፣ መብራቱንም ሙቀቱንም እየተራገምሁ በሩን በርግጄ ገባሁ።

ሣጥኑ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሏል። አማቴ በርጩማ ስበው አጠገቡ ተቀምጠዋል፤ ላባቸው በፊታቸው እየወረደ ውሃውን በጣሳ ይቀዳሉ፣ ከፍ አድርገው ያፈሳሉ። ልጆቹ ከእናታቸው ሥር ውር ውር ይላሉ።

«ምን ያስጮኽሃል አንተ!» አሉኝ ዞር እንኳ ሳይሉ። «ሁለት አራስ ባለበት ቤት!»