ስድስት የዝይ እንቁላልና አንዲት ምራት

ልብስ ሰፊዋን በሰፈራችን የማያውቃት የለም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቀሚስ ስታጠብና ስታሰፋ ኖራ፣ ዓይኗ ክር ማስገባት ሲያቅተው የስፌት መኪናዋን በአሮጌ መጋረጃ ሸፍና ዳክዬ ማርባት ጀመረች። ከኋላዋ «መርፌ» እንላታለን፣ ከፊቷ «እትዬ»። መርፌ ባትሆን ኖሮ ከፊቷም በስሟ በጠራናት ነበር።

ጓሮዋ ጠባብ ነው። አምስት ዳክዬ፣ አንዲት ዝይ ከነባሏ፣ አንድ የተሰነጠቀ የገላ መታጠቢያ ገንዳ። ስንጥቁን በሬንጅ ደፍናው ወፎቹ ይዋኙበታል። እንቁላል መብላት ደግሞ ከሷ መማር ነው! የዳክዬ እንቁላል ለኬክ ነው ትላለች፤ አስኳሉ ወፍራም ስለሆነ ኬኩ ከፍ ብሎ ይነፋል፣ ቀለሙም ያምራል። የሚጠበስ ከሆነ ግን እሳቱ ለስለስ ይበል፤ ከበረታበት ነጩ እንደ ጫማ ሶል ነው የሚሆነው። የዝይ እንቁላል ሌላ ነገር ነው። አንዱ የዶሮን ሦስት ያህላል፣ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ በማንኪያ ቢመቱት ማንኪያው ያፍራል። እሷ እሑድ እሑድ አንድ ታስቀቅላለች፣ አሥር ደቂቃ በሰዓት ተለክቶ፤ ከዚያ አናቱን በዚያ ጨርቅ ስትቆርጥበት በኖረችው ትልቅ መቀስ ጀርባ ትመታዋለች። ዳቦውን እንደ ጣት አቅጥና ቆርጣ አስኳሉ ውስጥ እየነከረች ትበላለች። በዚያ ገበታ ላይ የዝይ እንቁላል የሚበላ ሌላ ሰው የለም። ልጇና ምራቷ የዳክዬውን ይበላሉ፣ ያውም ትንንሹን።

ልጇ አንድ ነው፤ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ። ሃምሳ ሰው ጭኖ በጠባብ መንገድ እንደ ውሃ ያዞራል፤ እናቱ ፊት ሲቀርብ ግን ሹካውን የት እንደሚያስቀምጥ ይጠፋዋል። ሚስቱ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ውስጥ ቆማ የሰው ሸሚዝ ስታቃና ትውላለች። ሁለቱ የሚኖሩት ከእናትየው ክፍል በኮምፔርሳቶ ብቻ በተለየች ጓዳ ውስጥ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ እናትየው ከወዲያ «ይማርህ» ትላለች፤ ሲስቁ ደግሞ «ምን አሳቃችሁ» ትላለች። ስለዚህ መሳቅ ትተዋል።

ምራቲቱ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ከዚያ ቤት ባሏን ይዛ መውጣት። አባቷ ከከተማው ዳር ሁለት ክፍል ቤት ትቶላት ሞቷል፣ ቁልፉ ከአንገቷ አይወርድም። ባሏ ማታ «እንወጣለን» ይላታል፤ ጠዋት ቁርስ ላይ ዝም ይላል።

አንድ እሑድ እኛ ሦስት ጎረቤታሞች እንደ ልማዳችን በገበታዋ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ፣ ምራቲቱ አንገቷን ደፍታ ነገሩን አነሳችው። ልብስ ሰፊዋ ዳቦዋን ነክራ፣ አላምጣ፣ ውጣ ነው የመለሰችላት።

«ዝይዋ ሰሞኑን ትታቀፋለች። ስድስት እንቁላል አስቀምጥላታለሁ። ከፈለፈለች ጫጩቶቹም ያንቺ፣ ልጄም ያንቺ፤ መርቄ እሸኛችኋለሁ። አንድም ካልተፈለፈለ ግን የመውጣት ነገር በዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሳም።»

ልጁ «ይሁን» አለ። ምን ይበል? ምራቲቱ ግን ከወንበሯ ተነስታ የአማቷን ጉንጭ ሳመች። ስድስት እንቁላል ነው፤ ከስድስት አንድ እንዴት ይጠፋል?

ሰኞ ዝይዋ ታቀፈች። ማክሰኞ ምራቲቱ ሥራ ስትገባ አማቷ ዝይዋን ገንዳው ጋ በሽቦ አጥራ ቆለፈችባት። ከዚያ ስድስቱን እንቁላል ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች። የጆንያ መርፌ አወጣች። እያንዳንዱን በደንዳናው ጫፍ በሳች፣ ቀዳዳውን ምስር እስኪያሳልፍ አሰፋች፣ አስኳሉን ውስጡ እያለ በመርፌው አፈረሰችና አራግፋ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አንጠፈጠፈችው። ቅርፊቶቹን አጥባ አደረቀች። ሻማ አቀለጠች። አሁን ብልሃቷን ተመልከቱልኝ፦ የስፌት መኪናዋን ዘይት የምታጠጣበትን ሹል አፍ ያላትን ቆርቆሮ በሙቅ ውሃ አጥባ፣ በሷ ሰሙን ጠብ ጠብ እያደረገች ስድስቱንም ሞላቻቸው። ቀዳዳውን በሰም ደፈነች፣ በአመድ አሽታ ቀለሙን መለሰች። ከቀትር በኋላ ዝይዋ ተመልሳ ስትቀመጥባቸው ክንፏን ዘርግታ፣ በመንቆሯ አንድ በአንድ ወደ ሆዷ ሳበቻቸው።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅን? ራሷ ነገረችን እንጂ! ረቡዕ ጠርታን፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች። ሌላ እንቁላል ቸግሯት እንዳይመስላችሁ፤ ዝይዋ ቀደም ብላ የጣለቻቸው በመጋዝ ብናኝ ተቀብረው ሳጥን ሙሉ ነበሩ። እኛም ሳቅን። ከመካከላችን አንዷ እስክታነባ ሳቀች።

በዚያው ረቡዕ ከስድስቱ አስኳልና ነጭ ትልቅ ኬክ ወጣ። ልጅቱ ከሥራ ስትገባ አማቷ ወፍራሙን ቁራሽ ቆርጣ ሰጠቻት። ምራት ሆና ከገባች በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ወፍራም ቁራሽ ነበረች።

«እንዴት ነው?»

«እጅዎ ይባረክ፣ እማማ። እንዲህ የጣፈጠ በልቼ አላውቅም።»

«ብዪ እንግዲህ፣ ያንቺው ነው» አለቻት። እኛም የየቁራሻችንን በላን። ጣፋጭ ነበር፤ እውነቱን ልናገር ከተባለ።

ከዚያ በኋላ የልጅቱን ነገር ማየት ነበር! ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ጓሮ ነው። ላውንደሪ ቤት የሸሚዝ ኮሌታ ማርጠቢያ የሆነውን ውሃ መርጫ ይዛ መጥታ፣ ዝይዋ ለመብላት ስትነሳ እንቁላሎቹን ለብ ባለ ውሃ ትረጫቸዋለች፤ ቅርፊቱ እንዳይደርቅባቸው ነው። ዝይዋ ሌላውን ሰው ሁሉ ትነክሳለች፣ እሷን ግን አንገቷን ዘርግታ ታስገባታለች። በልብስ መለያ ካርዶች ላይ ቀን እየጻፈች በግድግዳው ላይ ሰካች። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሃያ። ለስድስቱም ስም አውጥታላቸዋለች ይባላል።

«ታገሺ፣ ልጄ» ትላታለች አማቷ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ። «እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል።»

ሠላሳኛው ቀን ደረሰ፣ አለፈ። በሠላሳ ሁለተኛው ልጅቱ አንዱን እንቁላል በሽርጧ ጠቅልላ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቆማ ነበር። አማቷ ከደጃፉ ላይ ሆና አየቻት።

«አትድከሚ። አራት ዓመት ሙሉ ከገዛ ሆድሽ ምንም ያልሰማሽ አንቺ፣ ከቅርፊት ምን ትሰሚያለሽ? ምቀኛ ዓይን ያረፈበት እንቁላል አይፈለፈልም። እንዲያውም በዚህ ግቢ የምትፈለፍል ሴት ጠፋች።»

ልጅቱ እንቁላሉን መልሳ ከዝይዋ ሥር አስገባችው። በማግስቱ ግን ላውንደሪ ቤት ሽርጧን ልትተኩስ ስትዘረጋ፣ እንቁላሉ የነበረበት ቦታ ላይ ክብ ነጠብጣብ አየች። እንቁላል ነው ብላ አዘነች፤ ተሰንጥቆ ይሆናል አለች። ካውያውን ልታሳርፍበት ስትል እጇ ቆመ። ሙያዋ ነዋ! የእንቁላል ነጠብጣብ ካውያ ሲነካው ይከርራል፣ ይበልጥ ይጣበቃል። ይሄኛው ግን በጥፍር ሲፋቅ ይላጣል። ጋዜጣ አነጠፈችበትና በላዩ ተኮሰችው። ወረቀቱ ጠጣው፤ ጨርቁ ንጹህ ሆነ። ሰም ነው። እንዲህ ያለውን ከስንት የገበታ ጨርቅ ላይ አስለቅቃለች።

እቤት ገብታ ሽርጧን አጥፋ አስቀመጠች። አርብም ቅዳሜም እንቁላሎቹን ውሃ ረጨቻቸው። እሑድ እንደ ወትሮው ገበታውን ዘረጋች፣ እኛም እንደ ወትሮው ተሰበሰብን። የዝይ እንቁላሉን ለብ አድርጋ በማስቀመጫው ኩባያ ላይ አቁማ ለአማቷ አቀረበች። ልብስ ሰፊዋ ዳቦዋን ቆራረጠች፣ መቀሱን አነሳች፣ መታች። መቀሱ ነጠረ። ደግማ መታች። ቅርፊቱ ተላጠ፤ ከሥሩ ነጭ ድፍን ሻማ ብቅ አለ።

«ጨው ላቀብልዎት፣ እማማ?» አለች ምራቲቱ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን አላርገበገበችም። ቀልድ የማያውቅ ሰው ቤቷ እንደገባ ተናገረች፣ እኛንም ምስክር ጠራች። የእኛ ዓይን ሳህናችን ውስጥ ነበር። ልጅቱ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን፤ ያን ኬክ ስንበላ ከምን እንደተሠራ እናውቅ እንደነበር ጠየቀችን። ያቺ እስክታነባ የሳቀችው፣ በሰው ቤት ነገር ምን አገባን ብላ መለሰችላት።

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ትሄዳለህ ወይ አለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እሱ ከእንቁላሉ ላይ ሰሙን በጥፍሩ ፋቀ።

«እማዬ እኮ ስትጫወት ነው» አለ በመጨረሻ። «ለከርሞ ዝይዋ ደግማ ትታቀፋለች።»

ልጅቱ ቁልፉን አነሳች።

«እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ብለውኝ ነበር፣ እማማ። እርስዎ ግን ይሄን ሠላሳ ስምንት ዓመት ታቅፈውት አልተፈለፈለም። እኔ በእግሬ ልሂድ።»

በአንድ ሻንጣ ወጣች። በጓሮ በኩል ዞራ ዝይዋን ልትወስዳት ብትሞክር፣ ዝይዋ ከቀሩት አምስት እንቁላሎች ላይ አልነሳ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነከሰቻት።

ዝይዋን ማንም ያነሳት የለም። ልብስ ሰፊዋ «ይውጣላት» ብላ ተወቻት። ውሃ የሚረጭላት ጠፍቶ፣ መብላቱንም ትታው፣ በሦስተኛው ሳምንት አንገቷን በክንፏ እንደሸጎጠች ደርቃ ተገኘች። ወንዱ ዝይ አጠገቧ ቆሞ ነበር። እንቁላሎቹ ግን አንድም ስንጥቅ የላቸውም፤ መብራት በጠፋ ቀን ሰሙ ወጥቶ ሻማ ሆነ።

ባለፈው እሑድ ከሳጥኑ የመጨረሻውን የዝይ እንቁላል ቀቀለች። ይሄኛው ግን ለራሷ አልነበረም። በመቀሱ አናቱን መታች፣ ዳቦውን እንደ ጣት አቅጥና ቆረጠች፣ አንዱን አስኳል ውስጥ ነክራ ወደ ሹፌሩ አፍ አስጠጋችው።

«ብላ፣ የኔ ጌታ» አለችው።

አፉን ከፈተ።