የሜዳው ውሃ የወረደበት ማሳ

ትናንት ነቀምቴ፣ ቤቴ አጠገብ፣ ወጣቶች የኳስ ሜዳውን ውሃ የሚያወጣ ቦይ ሲቆፍሩ ደረስኩ። «ውሃው የት ይደርሳል?» አልኳቸው። «እማማ፣ ከሜዳው ይውጣ እንጂ የትስ ቢሄድ!» ብለው ሳቁ። ቤቴ ስገባ የልጅነቴ ሜዳ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ ከወሎ መጥተን አርጆ አጠገብ ሰፈርን። የመንደራችን ሜዳ ክረምቱን ሙሉ ረግረግ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ከጎረቤት መንደር ጋር ግጥሚያ ስለተያዘ፣ ሴት ወንድ ሳንል ቦይ ልንቆፍር ወጣን። ቀዩ ጭቃ ዶማ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። እሸት እየጠበስን፣ እየተቀላለድን እንቆፍር ነበር።

ከሜዳው በታች የአዴ ጫልቱ የአንጮቴ ማሳ አለ። አንጮቴ የወለጋ ሰው ለመስቀል ከመሬት አውጥቶ የሚቀቅለው ሥር ነው፤ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። አዴ ጫልቱ የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ ባላቸው ሞቶባቸዋል። ስንመጣ ወተት ይዘው የተቀበሉን እሳቸው ነበሩ፤ እኔን «ኢንታላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ኦሮምኛ የምሞክረው እኔ ስለሆንኩ ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ላከኝ።

«ወላሂ፣ ማሳውን ዞረን ወንዝ እናስገባዋለን በያቸው» አለኝ።

አልኳቸው። የራስን ውሃ በሰው ማሳ መልቀቅ በእኛም በእነሱም ዘንድ ነውር ነው። አምነውኝ ዶማቸውን ጭምር አዋሱን።

ከዚያ የታመመች አክስቴን ላስታምም ኑኑ ቁምባ ሄድኩ። በግጥሚያው ጠዋት በጭቃው መንገድ ተመልሼ ስደርስ ሜዳው ጠፈፍ ብሏል፤ አንጮቴው ኩሬ ውስጥ ቆሟል። ዙሪያው ረዝሞባቸው ቦዩን በአቋራጭ ማሳው ላይ ለቀውታል።

«አያ ሰይድ፣ መሐላህስ?»

«ለአንድ ጨዋታ ነው፤ ነገ እንደፍነዋለን። ለአንጮቴ ብለሽ መንደሩን ልታዋርጂ ነው?»

«ነገ ምን ይተርፋል?»

«ሂጂ ወዲያ! አንቺ ደግሞ ዳኛ ሆንሽብን!»

ዶማ አንስቼ፣ ሁለቱ ቡድኖች እያዩኝ፣ የቦዩን አፍ በጓል ደፈንኩት። ዝናቡም ወዲያው ጣለ፤ ሜዳው መልሶ ረግረግ ሆነ፤ ግጥሚያው ቀረ። ሰይድ በሰው ሁሉ ፊት «ከሃዲ!» አለኝ።

አንጮቴው አልተረፈም። አዴ ጫልቱ የበሰበሰውን እየነቀሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ እኮ ያመንኩት እነሱን አይደለም» አሉኝ፤ «አንቺን ነው።»

ከዚያ ወዲህ «ኢንታላ ኮ» ቀርቶ በስሜ ብቻ ጠሩኝ።

ካረፉ ብዙ ዘመናቸው ነው። ሰይድ እስኪያርፉ ድረስ ይቅርታ ሊጠይቃቸው አንድም ቀን ደጃቸውን አልረገጠም። ባለፈው ዒድ ግን፣ እርጅናም ይሆናል፣ እጄን ይዞ «አፉ በይኝ» አለኝ። በእኔ አፍ ለዋሸው ያንኑ ዕለት ይቅር አልኩት። ለማሳው ግን፣ የእሳቸውን ይቅርታ ከየት አምጥቼ ልስጠው?