ለአባቴ ዜማ ያቆምሁት ሥራ

አባቴ ጉሮሯቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው አንድ ቀን ሲቀር፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ባሕር ዳር ወዳለው ቤቴ መጡ። ሐኪሙ ድምፃቸው ላይመለስ እንደሚችል አልደበቃቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ዳር ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ከመምህራቸው የተቀበሉትን የዐቢይ ጾም ዜማ በዚያ ስልት አሟልቶ የሚያውቅ ከእሳቸው ሌላ አልቀረም፤ ተማሪዎቻቸው ገና እኩሌታው ላይ ናቸው። «ልቅዳልዎ» ብዬ የለመንኋቸው እኔ ነኝ። ጥሩ ማይክሮፎን ተውሼ ኮምፒውተሬ ላይ ሰክቼ ጠበቅኋቸው።

ችግሩ፣ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ነበር። ከሳተላይት በተነሡ የጣና ፎቶዎች ላይ እምቦጭ የሸፈነውን ውሃ እንዲለይልኝ ካዘዝሁት ሁለተኛ ቀኑ ነው። የኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ በዚያ ጩኸት ዜማ አይቀዳም።

«ላቁመው፣ አባባ» አልሁ።

አባቴ ስክሪኑ ላይ የሚሮጠውን ቁጥር አይተው ደነገጡ። «የለም፣ ልጄ። ተጀምሯል እኮ! የገባ ቅዳሴ ለእንግዳ ተብሎ ይቋረጣል? ይጨርስ፤ እኔ እጠብቃለሁ።»

መልሴን እንኳ ሳይሰሙ ወጥተው ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ሥራው የሚያልቀው ነገ አመሻሽ ላይ ነው፤ እሳቸው ነገ ጠዋት ሆስፒታል ናቸው። ተናደድሁ። ለማሽን ይሉኝታ የሚይዘው ሰው ከአባቴ ሌላ አላየሁም።

ተከትያቸው ወጥቼ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ትዕዛዝ የምጽፍበት ጥቁር መስኮት ፊት አስቀምጬ «ይህ ማቋረጥ አይደለም፤ ማሳረፍ ነው። ይዩት» አልኋቸው። ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዤ ዜድን ነካሁ። ቁጥሩ ቀጥ አለ፤ ሥራው መቆሙን የሚናገር መስመር ወጣ፤ ማቀዝቀዣውም ቀስ በቀስ ዝም አለ።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። «ገደልሽው?»

«አልሞተም። የደረሰበትን ይዞ ተቀምጧል።»

«ቀጥል» የሚሉትን ሁለት ፊደላት፣ ኤፍ እና ጂ፣ ጽፌ አስገባሁ። ቁጥሩ ከቆመበት ቀጥሎ ሮጠ፤ ከአንድ አልጀመረም።

«እስቲ ድገሚው» አሉ። ደገምሁት። ለሦስተኛ ጊዜ «አሳዪኝ» ሲሉ ሳቄ መጣ። ከዚያ አቆምሁትና ተውሁት። «በይ እንግዲህ፣ ተራው የእኔ ነው» ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ድምፃቸው ሻክሯል፤ ዜማው ግን ዝንፍ አላለም። ውሃ እየተጎነጩ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዘለቁ። የመጨረሻው ክፍል መሃል ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ደግመው ሞከሩ፤ እንቢ አለ።

«ያለበት ይቆይ» አሉኝ ወደ ጥቁሩ መስኮት በአገጫቸው እያመለከቱ። «ድኜ ስመጣ ከዚያው እቀጥላለሁ።»

እሳቸውን ሸኝቼ ሥራዬን ቀሰቀስሁት። በማግስቱ ሌሊት እኔ ሆስፒታል ደጅ ስጠብቅ፣ እሱ ምንም ሳይጎድልበት ጨርሶ ነበር።

አባቴ ዳኑ፤ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ከሆስፒታል ወጥተው እኔ ዘንድ ባረፉ ጊዜ የተቀዳውን ከፈትሁላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው የራሳቸውን ድምፅ ሰሙ። የተቋረጠበት ላይ ሲደርስ ለመዝጋት እጄን ዘረጋሁ። አባቴ እጄን ያዙኝ። በሌላው እጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ፣ ከንፈራቸውን ያለ ድምፅ እያንቀሳቀሱ ቀጠሉ። ረጅም ነበር፤ እንባዬን ሳልጠርግ ተቀምጬ አየኋቸው። እስከ መጨረሻው አደረሱት። ከዚያ ሁሉ አንዲቱን ቃል እንኳ መቅዳት አልቻልሁም።