ወደ ኋላ የተጻፈው የሰዓት ገጽ

ልጅ እያለሁ አባቴ ብራና ጸሐፊ ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ከተማችን መካነ ኢየሱስም ገና ጥቂት የቆርቆሮ ቤት ብቻ ነበራት። ቤታችን ሁልጊዜ የተፋቀ ቆዳና ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። ቀለሙን አባቴ ከጥላሸትና ካረረ ገብስ ራሱ አዘጋጅቶ በቀንድ ውስጥ ያስቀምጠው ነበር። ዛሬም የሚያር ገብስ ከሸተተኝ እሱ አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኛል።

ዓይኑ መድከም ሲጀምር ከእናቴና ከእኔ በቀር ማንም አላወቀም። መጀመሪያ መስመር አሰምርለት ነበር። እየቆየ ብዕር መቅረጽም ፊደል መጣልም አስተማረኝ። ሴት ልጅ ብራና ላይ ስትጽፍ ማን አይቶ ያውቃል? እንግዳ ሲመጣ ብዕሩን ከእጄ ተቀብሎ የሚጽፍ መስሎ አጎንብሶ ይቀመጣል፤ እኔም እንዝርቴን አነሣለሁ።

አንድ ቀን የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ ከጎንደር የመጣ ወጣት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። የችሎቱ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ገጽ ነበር። ክረምቱን ጣሪያው ሲያፈስበት ከርሞ ቁጥሮቹ ታጥበው ጠፍተዋል።

«ሆድ ዕቃው ደህና ነው፤ ሞላውም ጥርሶቹም ይሠራሉ። ፊቱን ብቻ ያድሱልን፣ መሪጌታ። በግእዝ ቁጥር ይሁንልን» አለ።

አባቴ ገጹን በጣቶቹ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ይሁን» አለ። እምቢ ቢል ምክንያቱን መጠየቁ አይቀርም።

ሥራው በእኔ እጅ ወደቀ። ዝገቱን በአመድና በሎሚ ፈገፈግሁ፤ የተላጠውን ቦታ ኖራ በእንቁላል ነጭ ለውሼ ደፈንሁት። አባቴ እንደነገረኝ፣ ጠቋሚዎቹ በሚሰኩበት በመካከለኛው ቀዳዳ ወስፌ ተክዬ በክር ክብ አዞርሁ። ያንኑ ክር በክቡ ጠርዝ ላይ ስለካው ስድስት ቦታ አረፈ፤ መካከሉን ስከፍለው አሥራ ሁለት ሆነ። ከላይ ፲፪ን ጻፍሁ። ቀጥዬ የምጽፍበት ቦታ ፊት ለፊቴ እንዲመጣልኝ ገጹን ወደ ቀኝ እያዞርሁ ፩፣ ፪፣ ፫ እያልሁ ቀጠልሁ። ቤታችን ሰዓት ኖሮ አያውቅም። ገጹን ወደ ቀኝ ሳዞር ቁጥሮቹ ወደ ግራ እየሄዱ መሆናቸውን ከየት ልወቀው?

«አሥራ ሁለቱም ሞሉ?» አለኝ አባቴ።

«ሞሉ።»

«እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ።»

ሰዓቱ የተገጠመው ግቢው በባለጉዳይ በሞላበት ጠዋት ነው። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከቄሰ ገበዙ ጋር ሰዓቱ በሚሰቀልበት በፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ቄሰ ገበዙ ያን ጊዜ ዳዊት እያጻፉት ነበር። ጸሐፊው በጥድፊያ ገጹን ገጠመ፣ ጠቋሚዎቹን ሰካ፤ የእጅ ሰዓቱን አየና እንደለመደው በስተቀኝ፣ ሦስት ሰዓት ወደሚሆንበት ቦታ አዞራቸው። ትንሹ ጠቋሚ ግን ያረፈው ፱ ላይ ነበር። ጸሐፊው እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

ከባለጉዳዮቹ አንዱ፣ ቁጥሩን ማንበብ የሚያውቅ፣ «ዳኛው ሳይቀመጡ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ! በሉ ተነሡ፣ ወደየቤታችን!» ብሎ ጮኸ። ግቢው በሳቅ አውካካ።

«ምነው መሪጌታ፣ ሳያዩት ነው እንዴ የጻፉት?» አለ ጸሐፊው።

 ከኋላ አንዱ «ጠላው በዝቶባቸው ይሆናል» ሲል ሰማሁ። ይኸን መቻል አቃተኝ።

«አባቴ አልጠጣም! እኔ ነኝ የጻፍሁት። እሱ አያይም!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሳቁ በስንት ጣዕሙ! አባቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ። ቄሰ ገበዙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእኔንስ ዳዊት ማን ነው የሚጽፈው?» አሉት።

«እስከ እኩሌታው እኔ ነኝ፣ አባ። ከዚያ ወዲህ የልጄ እጅ አለበት።»

 ቄሰ ገበዙ ብራናቸውን የሚወስድ ሰው በማግስቱ ላኩ። ወሬው እስከ ጎረቤቱ ወረዳ ስማዳ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ከዚያ በኋላ ብራና ይዞ የቤታችንን ደጅ የረገጠ ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እጁን ይዤ እየመራሁት አለቀስሁ። ከዚያ በፊት ሰው እንዳያይ ብሎ እጁን በመንገድ ላይ አስይዞኝ አያውቅም።

«ምን ያስለቅስሻል? ከሰው የደበቅሁት እኔ ነኝ» አለኝ። ጥቂት ከሄድን በኋላም «ቁጥሮቹ ግን አምረው ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

«አምረዋል፣ አባባ።»

«እንግዲያው ደግመሽ ጻፊው።»

ጸሐፊው ራሱ ቤታችን መጥቶ፣ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ፊቴ አስቀመጠልኝና ደግሜ ጻፍሁት። ሰዓቱ በትክክል ሠራ፣ ሰውም አመስግኖኛል ይላሉ። እኔ ግን በዚያ በረንዳ ፊት ማለፍ ስላቃተኝ ገበያ ስላክ በጓሮው ዞሬ እሄድ ነበር። አባቴም ብዕር አልነካም። በእናቴና በእኔ ፈትል ኖርን።

ዛሬ ሰዓት በየሰው ኪስ ስልክ ውስጥ ነው፤ ገጹ ሲደበዝዝ የሚያድስለት የለም። ባለፈው ዓመት የእኔንም ዓይን ሞራ እንደጋረደው ታወቀ። ልጄ ሐኪም ቤት ወሰደችኝና ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እማማ?» ቢለኝ፣ «ከቅርብ ጊዜ» አልሁት። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ክር በመርፌ እሷ ስትሰካልኝ፣ መልእክት እሷ ስታነብልኝ ዓመታት ማለፋቸውን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ዓይኔ እንደደከመ ግን ነግሬያት አላውቅም። «ለምን ደበቅሽኝ?» አለችኝ፤ ፊቴ እሳት ሆነ።

ሞራውን በአንድ ጠዋት አነሡልኝና በማግስቱ የልጄን ፊት አጥርቼ አየሁ። አባቴ ግን ሕመሙ የሚታከም እንጂ የሚያፍርበት እንዳልሆነ የነገረው ሰው ሳይኖር አለፈ።