የፋሲካው ቅቤና የሰይፈ ገብርኤል ፎሬለ

ሰይፈ ገብርኤል ዓሣ ማጥመድ የጀመረው ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የትራም ፍሬን ሲጠግን የኖረ ሰው ሥራ ፈትቶ ቤት ሲውል ምን እንደሚያደርግ ሚስቱን ተናኘን መጠየቅ ነው። ደህናውን የኩሽና መሳቢያ ሁሉ እየፈታ ሲገጥም ቢያስመርራት፣ "ኧረ እባክህ ውጣልኝ" አለችው። ወጣ። በጀርመን አገር ደግሞ ዝም ብሎ ዓሣ አይያዝም፣ ፈተና አለው። በስድሳ ስድስት ዓመቱ የልጅ ልጆቹ ከሚሆኑ ጎረምሶች ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ዓሣ ክንፍና አተነፋፈስ ተፈተነና ከስድሳው ጥያቄ ሃምሳ ሰባቱን መለሰ። ለዲፕሎማው እንዲህ አጥንቶ ቢሆን ኖሮ ትራም ጠጋኝ ሳይሆን ትራም ፈልሳፊ ይሆን ነበር። ይህን የሚለው ራሱ ነው።

ዓሣዎቹ ግን ፈተና ማለፉን የነገራቸው የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ማክሰኞና ሐሙስ ፍራንክፈርት ውስጥ ከሚኖርበት ከሪደርቫልድ ሰፈር በምድር ውስጥ ባቡሩ በኡባን፣ ከዚያ ከከተማ በሚያስወጣው ባቡር በኤስባን፣ ከዚያ በእግሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሐይቅ ይሄዳል። ሐይቁ ፎሬለ የሚባለው ዓሣ እየረባ የሚለቀቅበት ነው፤ ከፍሎ የገባ ሁሉ ይዞ ይወጣል። ሰይፈ ገብርኤል በሁለት ዓመት የያዘው አንድ ጓንት ብቻ ነው፤ እሱም የግራ።

ዘንድሮ ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሁልጊዜ አጠገቡ የሚቀመጠው ሄር ቤከር የሚባል ሽማግሌ አዘነለት። "ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ድፍርስ ነው" አለው። "ፎሬለ በዚህ ጊዜ ምግቡን በዓይኑ አይፈልግም፣ በማሽተት ነው የሚፈልገው።" ከኪሱ ትንሽ ቱቦ አወጣና ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል ቅባት በመንጠቆው ማባበያ ላይ ቀባ። ከምሳ በፊት ሦስት ያዘ።

ሰይፈ ገብርኤል በኤስባን ሲመለስ ከራሱ ጋር ሲነጋገር መጣ። ሽታ? እኔን ነው ስለ ሽታ የሚያስተምረኝ? ይህ ምስኪን ፈረንጅ በቱቦ የሚሸጥ ነጭ ሽንኩርት ይዞ ሦስት ከያዘ፣ ኮረሪማውም አብሹም በሶብላውም ያለው ሰው ስንት ሊይዝ ነው? እቤት ፍሪጅ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ ተናኘ ለፋሲካ ያስቀመጠችው ቅቤ አለ። እህቷ ከደብረ ማርቆስ በሰው የላከችላት ነው። ጾሙ ሳይገባ በቅመም አንጥራ፣ በትልቅ ጠርሙስ ከድና፣ እስከ ትንሣኤ እንዳይነካ ብላ ያስቀመጠችው። አንድ ማንኪያ ማን ያውቀዋል?

እዚህ ላይ የሰውየውን ጠባይ መናገር ያስፈልጋል። በፍራንክፈርት ካሉት ጿሚዎች እንደሱ ያለ አክራሪ የለም። ሱፐርማርኬት ገብቶ የብስኩት ጀርባ በአጉሊ መነጽር የሚያነብ እሱ ነው። የወተት ዱቄት ያለበትን፣ የሌለበትን፣ "ሊኖርበት ይችላል" የሚለውን ሳይቀር ለይቶ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ለምእመናን ያስታውቃል። ማንም ሳይጠይቀው። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ በጾም ማክሰኞ ጠዋት ሚስቱ ሳትነቃ በማንኪያ ቅቤ የሚሰርቀው። አልቀመስኩም፣ አልላስኩም፣ ስለዚህ ጾሜ ጾም ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። በዚህ እንኳ አልዋሸም፤ ጣቱን ሳይልስ በኮቱ ይጠርግ ነበር።

ቅቤው ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ሻማ ድርቅ አለ። ሽታው እዚያው ታሽጎ ቀረ፤ ማባበያውም ወደ ታች በመስመጥ ፈንታ ከላይ ተንሳፈፈ። ዳክዬዎቹ ግን ወደዱት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። ሰይፈ ገብርኤል ግን ቴክኒሻን ነዋ፣ "መጠኑ አንሶ ነው" አለ። ሐሙስ ሁለት ማንኪያ ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ጠርሙሱ ተጋምሶ፣ ዳክዬዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት እየሮጡ ይቀበሉት ጀመር።

ተናኘ በነዚያ ሳምንታት ዝም ብላ ነበር። እሱ ልብ ያለው ማነከሷን ብቻ ነው። ጉልበቷ ድሮም ደህና አይደለም፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ስታጸዳ የተጎዳ ነው። "ብርዱ ነው" አላት። "ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ ያዢ እንጂ፣ ለራስሽ አታስቢም" ብሎም ተቆጣት።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ክርስቶስ እቤት መጡ። ሰይፈ ገብርኤል የብስኩቱን ጉዳይ ሊያመሰግኑት መስሎት ደረቱን ነፋ አድርጎ ተቀመጠ።

"ስማኝ ልጄ" አሉት አባ። "ለታመመ ሰው ጾም ይቀልለታል። እኔው ፈቅጄልሃለሁ። ከሚስትህ ተደብቀህ የምትበላበት ምክንያት የለም።"

"እኔ? ምን በላሁ?"

ተናኘ ተነስታ እያነከሰች ሄደችና ጠርሙሱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ግማሽ ነው። "ኮትህ ቅቤ ቅቤ ይላል" አለችው ቀስ ብላ። "እጅህም ይሸታል። አርባ ዓመት አንድ ቀን ጾም ገድፈህ አታውቅም። የካቲት ላይ የደም ምርመራ አደረግክ፣ ውጤቱን ግን ዋጥ አድርገህ ቀረህ። ክፉ ነገር ቢነግሩህ ነው እንጂ አንተ ጾም አትገድፍም ብዬ..."

"ደህና ነኝ እኮ። ምንም የለብኝም አሉኝ። ልነግርሽ ረስቼ ነው።"

"አራት ሳምንቷ ነው" አሉ አባ። "ስለ አንተ በየቀኑ አርባ አንድ ትሰግዳለች። ጉልበቷን አይቼ ተይ ብላት እምቢ አለችኝ።"

ሰይፈ ገብርኤልን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ምንኛ ደስ ባለው። "አዎ በልቼዋለሁ" ማለት ቀላል ነበር፤ ይቅርታውም ተዘጋጅቶለታል፣ ፈቃዱም ተሰጥቶታል። እንደ ሰው ርቦት በልቶት ቢሆን እንዴት ያለ ክብር ነበር! ጉልበቷን ሲያይ ግን መዋሸት አቃተው።

"ለዓሣ ነው" አለ።

"ለምን?" አሉ አባ።

"ለዓሣ። ሽታ ይወዳል ብለውኝ መንጠቆው ላይ ቀባሁት።"

አባ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ተናኘ አልሳቀችም። ጠርሙሱን አየችው፣ እሱን አየችው።

"ስንት ያዝክበት?"

"አንድም።"

ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠችና፣ "እኔ እኮ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ነበር" አለች። ከዚያ አለቀሰች። አባም መሳቃቸውን ተዉ።

ሰኞ ጠዋት ሰይፈ ገብርኤል ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ አነጠፈ። አርባ አንዱን እኔ እሰግዳለሁ፣ እስከ ሕማማት የቀረውን በሙሉ፣ አላት። ተናኘ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችና ቆጠረችለት። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደ፣ እንዲያውም ፈጠን ፈጠን አለ። ቆይቶ ጭኑ ተንቀጠቀጠ፣ ላቡ በአፍንጫው ወረደ። ሠላሳ ያለፈ መሰለው።

"ስንት ደረስኩ?"

"አሥራ ስምንት።"

በግንባሩ እንደተደፋ ቀረ። "ትንሽ ልረፍ" አላት።

"እረፍ" አለችው። "እኔም እዚህ ጋ ስደርስ አርፍ ነበር።"